የኢሜይል ፊርማችን ለተቀባዩ ሸክም እንዳይሆን
በመልእክት ግርጌ የሚቀመጡ ትላልቅ ምስሎችን ስለ ማስተካከል የቀረበ ትምህርት



ውድ አንባብያን! በዚህ ዓምድ የምናቀርብላችሁ ትምህርት በመጀመሪያ እይታ ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን በለጋሾችና በየቲም ቤተሰቦች መካከል ያለውን የመልእክት ልውውጥ የሚያደናቅፍ ጉዳይ ነው። ጉዳዩም በኢሜይል መልእክቶቻችን ግርጌ የምናስቀምጠው ፊርማ፣ በተለይም በፊርማው ውስጥ የሚገባው ከመጠን ያለፈ ምስል ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከጣርማ በር ወርደው ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት ከ220 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዙሪያዋ ያሉ የገጠር ነዋሪዎች ማሽላቸውን፣ ማሾአቸውንና ሽንኩርታቸውን ይዘው ለገበያ ይመጣሉ፤ በዚያው ቀን የመንግሥት ቢሮ ጉዳያቸውን ይጨርሳሉ፤ ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ ካለም ያስነብባሉ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ የገበያ ቀን በከተማዋ በሚገኝ አነስተኛ ጽሕፈት ቤት የታዘበውን እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከአንድ የእጅ ስልክ ሲሆን፣ የሚጠቀምበት የኢሜይል ፕሮግራም መልእክቱን በሙሉ አውርዶ ሳይጨርስ ጽሑፉን አያሳይም ነበር። የሦስት የቲሞች እናት የሆኑ ሴት ከጎኑ ተቀምጠው ይጠባበቃሉ።

«ኡስታዝ፣ ምን ይላል ደብዳቤው?» አሉ።

«እናቴ፣ ገና አልወረደም፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አላቸው መምህሩ።

ግንኙነቱ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ማውረዱም እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። ወደ ቀበሌያቸው የሚመለሰው መኪና ጥሩምባውን ሲያሰማ እናቲቱ ተነሥተው ሄዱ። መልእክቱ የተከፈተው እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ነበር። ጽሑፉ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ የትልቁን ልጅ የፈተና ውጤትና የትምህርት ቤቱን ክፍያ መጠን እስከ ዓርብ እንዲያሳውቁ የሚጠይቅ። ከሁለቱ መስመሮች በታች ግን የላኪው መሥሪያ ቤት አርማ፣ የሕንፃው ፎቶግራፍና ባለ ብዙ ቀለም ማስታወቂያ ተደርድሯል። እናቲቱ መልሱን ሊሰጡ የቻሉት በሚቀጥለው ገበያ ነው፤ ዓርብም አልፏል፤ የዚያ ወር ክፍያም ወደ ቀጣዩ ወር ተሻገረ።

ላኪው ክፉ አላሰቡም፤ ለየቲሞቹ በጎ ለማድረግ የቆሙ ሰው ናቸው። ያላወቁት ነገር ቢኖር በእርሳቸው ዘንድ በዓይን ጥቅሻ የሚያልፈው ምስል በተቀባዩ ዘንድ የግማሽ ቀን ጉዳይ መሆኑን ነው። በመሆኑም ይህ ትምህርት ለማኅበራት ጸሐፊዎች ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ለጋሽ የቀረበ ነው።

ሀ. ፊርማ ለምን ያስፈልጋል?

የመልእክት ፊርማ ዓላማው ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው፦ የጻፈው ማን ነው? ኃላፊነቱ ምንድን ነው? በምን አድራሻ ይገኛል? ከዚህ ያለፈው ሁሉ ጌጥ ነው። ጌጥ በራሱ ነውር ባይሆንም ዋጋውን የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

በአገራችን ምስል በፊርማ ውስጥ እንዲበዛ ያደረጉ ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የፊደል ችግር ነበር። የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ሲጀመር የአማርኛ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ የሚነበብበት የጋራ ደንብ አልነበረም። የላኪው የፊደል ፕሮግራም በተቀባዩ ዘንድ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች የማኅበራቸውን ስም በምስል መልክ እያዘጋጁ ይለጥፉ ነበር። ይሁን እንጂ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ ወጥቷል። ዛሬ በአብዛኛው ኮምፒውተርና ስልክ አማርኛ በጽሑፍነቱ ስለሚነበብ ምክንያቱ ቀርቷል፤ ልማዱ ግን አልቀረም።

ሁለተኛው ምክንያት የማኅተም ባህላችን ነው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በየቢሮው ተቀባይነት ስለሌለው፣ የኢሜይል መልእክትም የተቃኘ ማኅተም ከሌለው ያልተሟላ ይመስለናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ የሚላክ የማኅተም ምስል ማንም ሰው ቀድቶ በሐሰተኛ ደብዳቤ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። የመልእክቱን እውነተኛነት አያረጋግጥም፤ ይልቁንም በየቲሞች ስም ገንዘብ ለመሰብሰብ ለሚሹ አታላዮች መሣሪያ ያቀብላል። ስለዚህ የማኅተሙ ምስል ከፊርማው ፈጽሞ ሊወጣ ይገባል። ማኅተም የግድ የሚያስፈልገው ደብዳቤ ሲኖር ደብዳቤው ብቻውን በፒዲኤፍ ተዘጋጅቶ፣ ለሚመለከተው ሰው ብቻ በአባሪነት ይላክ።

ለ. ምስሉ ለምን ይከብዳል?

በኮምፒውተር ላይ ያለ ምስል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ነጥቦቹ በበዙ ቁጥር የፋይሉ ክብደት ይጨምራል። አንድ ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ ጥራት ሲቃኝ ወርዱ 2480፣ ቁመቱ 3508 ፒክስል፣ በጠቅላላው 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሆናል። በመልእክት ግርጌ ለምትቀመጥ አነስተኛ አርማ ግን 150 በ150 ፒክስል፣ ማለትም 22,500 ነጥብ ይበቃታል። አርማው ከደብዳቤ ወረቀት ላይ ሲቃኝ ወረቀቱ በሙሉ ሳይቆረጥ ከገባ፣ ከሚያስፈልገው ከ380 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ነጥብ ይዘን እንልካለን ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ምስሉን በመልእክቱ ውስጥ በመዳፊት ማዕዘኑን ይዘው ሲያሳንሱት የቀለለ ይመስላቸዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው። ሲታይ ያነሰው መልኩ እንጂ ክብደቱ አይደለም፤ ትልቅ ብርድ ልብስ አጣጥፎ በትንሽ ወንበር ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ከዚህም የተነሣ በላኪው ዘንድ ትንሽ ሆኖ የታየው ምስል በተቀባዩ ፕሮግራም ላይ ተዘርግቶ ገጹን ሊሞላው ይችላል።

በሌላ በኩል፣ በመልእክቱ ውስጥ የሚገባ ምስል በኢሜይል መንገድ ለመጓዝ ወደ ተራ ፊደላት ይለወጣል። ቤዝ 64 በሚባለው በዚህ አሠራር ሦስት ባይት ወደ አራት ፊደል ስለሚቀየር ክብደቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በምሳሌ እናስላ።

ባለ 2 ሜጋባይት ምስል በጉዞው ላይ 2.7 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሴኮንድ 100 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ደካማ መሥመር ለመውረድ ያለ መቋረጥ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስዳል። ምስሉ ወደ 20 ኪሎባይት ቢቀንስ ግን በሁለት ሴኮንድ ያህል ይደርሳል። ለ300 ለጋሾች በየወሩ ለየብቻ ደብዳቤ የሚልክ ማኅበርም በዓመት 3,600 መልእክት ይልካል፤ በመጀመሪያው ሁኔታ የምስሉ ክብደት ብቻ 9.6 ጊጋባይት፣ በሁለተኛው 96 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው የማስቀመጫ ቦታ ከሌሎች የጉግል አገልግሎቶች ጋር በጋራ 15 ጊጋባይት መሆኑን ስናስብ፣ አንድ አርማ ብቻውን የማኅበሩን ሣጥን በሁለት ዓመት ሊሞላው እንደሚችል እንረዳለን። ሣጥኑ ከሞላ ደግሞ አዲስ መልእክት አይገባም፤ ከለጋሹ የሚመጣው መልስም ወደ ላኪው ይመለሳል።

መልስ ለመልስ ስንሰጣጥም ፊርማው እየተደጋገመ ይከማቻል። ከዐሥር ጊዜ ምልልስ በኋላ ያው አርማ በአንዱ መልእክት ውስጥ ዐሥር ጊዜ ተደርድሮ ሊገኝ ይችላል።

የይፋት ሰው ይህን ሁሉ የሚሸከመው በሜጋባይት ቆጥሮ በገዛው ጥቅል ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰበት ወቅት፣ እንዲሁም በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት እንደታየው፣ ግንኙነቱ ለረጅም ጊዜ ሊጠፋም ይችላል። መሥመሩ ለአጭር ጊዜ ሲመለስ ቀድሞ የሚያልፈው ቀላሉ መልእክት ነው። በዚያች ሰዓት «ልጆቹ ደኅና ናቸው» የሚል አንድ መስመር ከማንኛውም አርማ ይበልጣል።

ሐ. ማስተካከያው ደረጃ በደረጃ

1ኛ. በመጀመሪያ ክብደቱን መርምሩ። ለራሳችሁ አንድ ባዶ መልእክት ከነፊርማው ላኩና መጠኑን ተመልከቱ። ባዶው መልእክት ከ100 ኪሎባይት በላይ ከሆነ ፊርማችሁ መስተካከል ያስፈልገዋል።

2ኛ. ምስሉን ከኢሜይሉ ውጪ አሳንሱት። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂውን በዊንዶውስ ውስጥ በሚገኘው ፔይንት በተባለው ፕሮግራም ክፈቱ። መጀመሪያ በአርማው ዙሪያ ያለውን ባዶ ወረቀት ቁረጡ። ቀጥሎ «ሪሳይዝ» የሚለውን ተጭናችሁ «ፒክስልስ» የሚለውን ምረጡ፤ የወርድና የቁመት ምጥጥን እንዲጠበቅ የሚያደርገው ምልክት መኖሩን አረጋግጡና ወርዱን 300 አድርጉ። በመልእክቱ ላይ የሚታየው ወርድ 150 ሆኖ ሳለ ፋይሉን 300 ማድረጋችን ነጥባቸው በተጠጋጋ አዳዲስ ስልኮች ላይ ምስሉ እንዳይደበዝዝ ነው።

3ኛ. ተስማሚውን ዓይነት ምረጡ። ጥቂት ቀለም ላለው አርማ ፒኤንጂ፣ ለፎቶግራፍ ደግሞ ጄፒጂ ይሻላል። ከዚህ በኋላ ፋይሉ ከ50 ኪሎባይት በታች መሆኑን ተመልከቱ።

4ኛ. አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን አስገቡ። በጂሜይል ከሆነ የማርሽ ቅርጽ ያለውን ምልክት ተጭናችሁ «ሲ ኦል ሴቲንግስ» ከዚያም «ጄኔራል» በሚለው ሥር «ሲግኔቸር» ወደሚለው ውረዱ። ምስሉን ካስገባችሁ በኋላ ስትጫኑት «ስሞል»፣ «ሚዲየም»፣ «ላርጅ» የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ፤ «ስሞል» የሚለውን ውሰዱ። በመጨረሻም ከገጹ ግርጌ «ሴቭ ቼንጅስ» የሚለውን መጫን አትርሱ፤ ይህን ባለማድረጋቸው ድካማቸው ከንቱ የሚቀርባቸው ብዙዎች ናቸው።

5ኛ. በቀድሞው የዊንዶውስ አውትሉክ ከሆነ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሜይል»፣ «ሲግኔቸርስ» በሚለው መንገድ ትገባላችሁ። ይህ ፕሮግራም ከ2007 እትሙ ጀምሮ መልእክትን የሚያሳየው በዎርድ አሠራር በመሆኑ፣ የምስሉ ዲፒአይ ከ96 የተለየ ከሆነ ምስሉን ካሰባችሁት መጠን አሳድጎ ወይም አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ምስሉን በቀኝ የመዳፊት ቁልፍ ተጭናችሁ «ፒክቸር» በሚለው ሥር መጠኑን በቁጥር ወስኑ። ፊርማውን በኤችቲኤምኤል የሚያዘጋጅላችሁ ባለሙያ ካለም የምስሉን ወርድ በምስሉ መለያ ውስጥ በቁጥር እንዲጽፍ ንገሩት፤ በስታይል ብቻ የተሰጠውን ገደብ ይህ ፕሮግራም ችላ የሚልበት ጊዜ አለ።

6ኛ. ስምን፣ ኃላፊነትንና ስልክ ቁጥርን በምስል ውስጥ አታስገቡ፤ በጽሑፍ ጻፉት። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ 150 ፊደል ያለው ሙሉ አድራሻ 450 ባይት፣ ማለትም ግማሽ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። በተጨማሪም በጽሑፍ የሰፈረ ስልክ ቁጥር በጣት ተጭኖ ይደወልበታል፤ ምስሎችን በማያሳይ ፕሮግራምም ይነበባል፤ ለማየት ለተሳናቸው ወገኖችም የሚያነበው መሣሪያ ያነበዋል።

7ኛ. ሁለት ፊርማ ይኑራችሁ። አርማ ያለበት ለመጀመሪያ ደብዳቤ፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነው ደግሞ ለመልስ ይሁን። ጂሜይልም ሆነ አውትሉክ ለአዲስ መልእክትና ለመልስ የተለያየ ፊርማ መወሰን ይፈቅዳሉ።

8ኛ. በመጨረሻም ፈትኑት። መልእክቱን በዋይፋይ ሳይሆን በስልክ ዳታ፣ ከተቻለም በድሮ ስልክ ክፈቱ። ገጠር ያለው ዘመዳችሁ የሚያየው እርሱን ነውና።

መ. የየቲም ፎቶግራፍ በፊርማ ውስጥ

ከሁሉም በላይ ልናስብበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። አንዳንድ ማኅበራትና በጎ አድራጊዎች የአንድን የቲም ልጅ ፎቶግራፍ በቋሚነት በፊርማቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ዓላማቸው ልብን ማራራት ቢሆንም ውጤቱ የተለየ ነው። ፊርማ በእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ ይሄዳል፤ ስለ ቢሮ ኪራይ በተጻፈውም፣ ስለ መኪና ጥገና በተጻፈውም። ተቀባዩም መልእክቱን ለሌላ ያስተላልፈዋል። በዚህ ሁኔታ የልጁ ፊት እርሱም ሆነ አሳዳጊው ወደማያውቁት ሰው እጅ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ የሚሰበስበው የለም። ልጁ አድጎ በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ ነጋዴ ወይም መምህር በሆነ ጊዜ የችግሩ ዘመን ሥዕል ይከተለዋል።

ሌላም ስውር አደጋ አለ። በእጅ ስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍ የስልኩ የቦታ መለያ አገልግሎት ክፍት ከሆነ የተነሣበትን ቦታ በቁጥር በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ይህም ማለት የልጁ ቤት የሚገኝበት ቦታ ከምስሉ ጋር አብሮ ይላካል ማለት ነው። ስለዚህ የልጁ ፎቶግራፍ ለረዳቱ መላክ ሲኖርበት በአሳዳጊው ፈቃድ፣ ለብቻው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይላክ፤ ከመላኩም በፊት በዊንዶውስ ፋይሉን በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» ቀጥሎም «ዲቴይልስ» በሚለው ሥር የተቀመጠውን መረጃ ማጥፋት ይገባል። በፊርማ ውስጥ ግን የልጅ ፎቶግራፍ ትንሽም ሆነ ትልቅ ቦታ የለውም። ይህን ማሳነስ አያስተካክለውም፤ የሚያስተካክለው ማውጣት ብቻ ነው። የየቲም ክብር በእጃችን ያለ አማና ነውና።

ሠ. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ምስሉን በመልእክቱ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ ከድረ ገጽ በአገናኝ እንዲመጣ ብናደርገውስ?

መልስ፦ መልእክቱ ይቀላል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ፕሮግራሞች ከውጭ የሚመጣን ምስል ተቀባዩ እስኪፈቅድ ድረስ ስለሚያግዱ በቦታው ባዶ ሣጥን ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ምስሉ ባይታይ በምትኩ የሚነበብ አጭር ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የማኅበሩ ስም፣ አብሮት ይግባ።

ጥያቄ፦ ፊርማውን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤቴ ስለሆነ ልለውጠው አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለየቲሞች ጉዳይ የግል የኢሜይል አድራሻ ተጠቀሙ። ይህ ባይሆን እንኳ ከመላካችሁ በፊት ፊርማውን ከመልእክቱ ግርጌ ምረጡና አጥፉት፤ ስማችሁን ብቻ ጻፉ።

ጥያቄ፦ አርማችን ቢወጣ ለጋሾች ማኅበራችንን ይጠራጠሩ ይሆን?

መልስ፦ እምነት የሚገነባው በወቅቱ በደረሰ ዘገባ፣ በተመዘገበ ደረሰኝና ሲደወል በሚነሣ ስልክ ነው። ደግሞም 20 ኪሎባይት የሆነ አርማ ከ2 ሜጋባይቱ ያነሰ ግርማ የለውም፤ ዓይን ልዩነቱን አያውቀውም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ ፊርማ የላኪውን ማንነት በአጭሩ መግለጫ ነው። ምስሉን ከኢሜይሉ ውጪ ማሳነስ፣ መጠኑን በቁጥር መወሰን፣ አድራሻን በጽሑፍ ማስፈር፣ ማኅተምንና የልጆችን ፎቶግራፍ ከፊርማ ማውጣት ሁላችንም በግማሽ ሰዓት ልንፈጽመው የምንችለው ሥራ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባለሙያም አያስፈልገውም።

ውድ አንባብያን! የሚቀጥለውን ደብዳቤ ከመላካችሁ በፊት በሸዋ ሮቢት ገበያ የመኪና ጥሩምባ እየሰሙ መልእክታችሁን የሚጠባበቁትን እናት አስታውሱ። ሁለት መስመር ጽሑፋችሁ መኪናው ሳይነሣ ይድረሳቸው።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. ምስልን በመልእክቱ ውስጥ በመዳፊት ማሳነስ ክብደቱን የማይቀንሰው ለምንድን ነው?
2. የማኅተም ምስልን በፊርማ ውስጥ ማስቀመጥ ምን ጉዳት ያስከትላል?
3. የእናንተ ባዶ መልእክት ከነፊርማው ስንት ኪሎባይት ይመዝናል? ዛሬውኑ ለክታችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት።